የእንግዳ ክራንች

ባለቤቴ «አንተ የሰጡህን ውሃ እንኳ ሳታሸት አትጠጣም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰው በነፃ አንድ ነገር ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ዕቃውን ሳይሆን የሰጪውን ፊት ነው። በዚህ ጠባዬ ከብዙ ነገር ተርፌያለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ሰውም አስቀይሜያለሁ።

ከሸዋ በመምህርነት ተመድቤ ነቀምቴ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ዳሌዬ የተሰበረው ከጉቶ ጊዳ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ነው። አጥንቱ ገጠመ፤ የገጠመው ግን ወልግዶ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ክራንች መራመድ እንደማልችል ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱኑ ነበር።

ከሆስፒታል የወጣሁት ብብት ሥር በሚገባው የእንጨት ክራንች ነው። ብብቴን ላጠው፤ ጣቶቼን አደነዘዛቸው። ከሁሉ የከፋው ግን እጄን ማሰሩ ነበር። ጠመኔ ለመያዝ አንዱን ክራንች ግድግዳ ላይ ማስደገፍ አለብኝ። ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ተማሪዎቹ ሊያነሱልኝ ይራወጣሉ፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ድምፁን አለስልሶ «ለጊዜው ንብረት ክፍል ብትቀመጥስ?» አለኝ። ለጊዜው ተብሎ ንብረት ክፍል ገብቶ የወጣ መምህር አላውቅም። ፈራሁ። ሰሌዳ ፊት መቆም ካልቻልኩ ሌላ የምችለው ሥራ የለኝም።

ሆስፒታል የምታሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት «ለእርስዎ የሚሻለው ክንድ ላይ የሚገባው ነው» አለችኝ። ከክርን በታች ክንድን የሚያቅፍ ቀለበት አለው፤ ክብደቱ ብብት ላይ ሳይሆን መዳፍ ላይ ያርፋል። እጀታው የመዳፍን ቅርፅ ተከትሎ የተሠራ፣ የቀኙና የግራው የተለያየ ቢሆን ይመረጣል። እጄን ወደ ታች ዘርግቼ ቀጥ ብዬ ስቆም እጀታው የእጄ አንጓ ላይ መድረስ አለበት፤ ስይዘው ደግሞ ክርኔ ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት። የነቀምቴን ፋርማሲዎች በሙሉ ዞርኩ። አንዱ ጋ የተገኘው ገና ስደገፈው ተንቋቋ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ሳልጠይቀው ኦሪጅናል ነው ካለኝ ሰው ዕቃ ገዝቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን በአንድ ቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ ሆና የምታገለግል ሴት ናት። አንድ ጠዋት በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች።

«አከም ቡልተን፣ በርሲሳ!» አለች እንዴት አደሩ ለማለት፤ በርሲሳ፣ መምህር፣ እያለች ነው ሁልጊዜ የምትጠራኝ። «ዋቀዮ፣ እግዚአብሔር አልረሳዎትም።»

ከረጢቱን ፈታሁት። ያችው ባለሙያ የነገረችኝ ዓይነት ነበር፤ ቀላል ብረት፣ የክንድ ቀለበት ያለው፣ ለመዳፍ ተብሎ የተቀረፀ እጀታ። እጀታዎቹ ላይ በሐምራዊ ክር የተሠራ የኪሮሽ ልብስ ተሰፍቶባቸዋል።

«የማን ነው?» አልኳት።

«ባለቤቱ ከእንግዲህ አይፈልገውም።»

«ሞቶ ነው?»

«ለኪ! ምን ነካዎት፣ በሕይወት አለ።»

«ታዲያ ለምን አይፈልገውም?»

«በርሲሳ፣ ይውሰዱት እንጂ!» ብላ ተቆጥታ ወጣች።

የማላውቀው ሰው የሰፋውን ክር እጄ ላይ አላደርግም ብዬ ልብሱን በምላጭ ቦጨቅሁና ጣልኩት። ባለቤቴ የኪራሙ ወረዳ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። ክሩን ከመሬት አንስታ አየችና «ምነው፣ ይኼ እኮ የሰው ልፋት ነው» አለችኝ። እኔ ምርመራዬን ቀጠልኩ። ቁመቱ የሚስተካከልባት ጉጥ በገባችበት ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱ ተፍቆ ነጥቷል፤ ጉጧ ከዚያ ተነቃንቃ አታውቅም ማለት ነው። ባለቤቱ ከእኔ ያጥራል። የግራው ጎማ በውጭ በኩል አልቋል፤ ግራ እግሩን ወደ ጎን እየወረወረ ነው የሚሄደው። ጎማ እስኪያልቅ የሚራመድ ሰው ክራንቹን በደህና አይተውም። ሞት ካልሆነ ስርቆት ነው አልኩ።

ቢሆንም ወሰድኩት። ምርጫ አልነበረኝም።

መጀመሪያ በጣም አስረዘምኩት፤ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። ከዚያ አሳጠርኩትና ጎበጥኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ጉጧን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ስታስኬድ ቆይታ በመጨረሻ «አሁን ሰው መሰልክ» አለች። መዳፌ እስኪለምደው አበጠ፤ ቀለበቱም ክንዴን ቆነጠጠኝ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እጀታውን ስለቀው ክራንቹ አይወድቅም፤ በቀለበቱ ክንዴ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እጄም ነፃ ይሆናል። ክፍል ገብቼ ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩበት። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ፈተና ስለደረሰ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ። የንብረት ክፍሉም ወሬ በዚያው ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። የአካል ጉዳተኛ ስትሆን ሰው እግርህን ያያል፤ ያንን ለምጄዋለሁ። ገበያ ስወጣ ግን አንዳንዱ ሰው እግሬን ትቶ ክራንቹን ነበር የሚያየው። ያለቀውን ጎማ ላስቀይር የጎማ ጫማ የሚሠራ ሰው ጋ ስሄድ ሰውየው ሥራውን ጣለ።

«ገለተ ዋቃ! ተመስገን! እነዚህማ እነዚያው ናቸው!» እያለ በሁለት እጁ ዳሰሳቸው። ሜዳ ላይ በተደረገ ትልቅ የጸሎት ጉባኤ ከዲጋ የመጣች ኪሮሽ ሠሪ ሴት ክራንቿን መድረኩ ላይ ጥላ ተራምዳለች። ሕዝቡ እልል ብሏል። እሱም በዓይኑ አይቷል። ክራንቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን ነበር። ጎረቤታችን ያወጣችልኝ ከዚያ መሆኑ ነው።

ሰውየው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር የሚያወራው። እኔ ግን የማስበው ስለ ግራው ጎማ ነበር። እንደዚያ በአንድ ወገን ጎማ የሚጨርስ እግር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃናል? አላመንኩም። ሰውየው ያለኝን ለባለቤቴ ነገርኳትና ምስጋና ለማቅረብ ነው ብዬ ቅዳሜ ዲጋ ለመሄድ ወሰንኩ። ውሸቴን ነው፤ የምሄደው ውሸት ለመያዝ ነበር።

ዲጋ ላይ ስጠይቅ ሁሉም ያውቃታል። «የተራመደችው?» እያሉ በፈገግታ መሩኝ። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው።

«ኮታ፣ ይግቡ» አሉኝ።

ሴትየዋ መስኮት ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኪሮሽ ትሠራ ነበር፤ አልተነሳችም። ቤቱን ሳየው ገባኝ። ከአልጋው ወንበር፣ ከወንበሩ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በር፣ ሁሉም እጅ በሚደርስበት ርቀት ተደርድሯል። በመካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀለሙ በመዳፍ ብዛት ጠቁሯል።

መጀመሪያ ያየችው ክራንቹን ነው፤ እኔን ከዚያ በኋላ አየችኝ።

«ልብሱን ምን አደረጉት?» አለችኝ።

ጥያቄዋን አልፌ «ያን ቀን ተራምደዋል ይባላል» አልኩ፤ የመጣሁበትን ወጥመድ ነበር የዘረጋሁት።

«ተራምጃለሁ» አለች። «አልዋሸሁም። ከመድረኩ እስከ ሜዳው ዳር በእግሬ ሄጃለሁ፤ ሰው ሁሉ አይቷል። ሲነጋ እግሬ እንደ ድሮው ነበር።»

«ታዲያ ክራንቹን ለምን አልጠየቁም?»

«በየትኛው እግሬ ሄጄ ልጠይቅ?» አለች። እናቷ አንገታቸውን ደፉ። «እኔን አይቶ ያመነ ሰው አለ። ክራንች ይዤ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ በማን ይፈርዳል? በእኔ ቢሆን ግድ አልነበረኝም።» ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «በእሱ ነው የሚፈርደው። ስለዚህ አልወጣም። የሠራሁትን እማዬ ገበያ ታወጣለች።»

ታክሲ ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ሁለቱንም ክራንች ዘረጋሁላትና «ይውሰዱት፤ የእርስዎ ነው» አልኳት። ሰኞ ግን ትምህርት ነበረኝ።

ቀለበቱ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ በጣቷ ጠረገችው። «አስተማሪ ነዎት?» አለች። በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። «አልወስደውም። ቤቴ ሰው አያጣም፤ ምስክርነቴን ሊሰማ፣ ሊጸልይ የሚመጣ አለ። ክራንች ቤቴ ከተገኘ ምስክርነቴ ውሸት ይሆናል።» እጇን ከቀለበቱ ላይ አላነሳችም። «የእንግዳ ዕቃ ከሆነ ግን... የእንግዳ ዕቃ ለአፍታ ቢይዙት ምን አለበት?»

እናቷ ማንም ሳያዛቸው ወጥተው የግቢውን በር ዘጉ። እሷ ጉጧን ሳታይ በአውራ ጣቷ ተጭና ወደ ድሮ ቀዳዳዋ አወረደቻት። ከዚያ ተነሳች። ግቢው ውስጥ ያለውን የአቮካዶ ዛፍ እየዞረች ግራ እግሯን ወደ ጎን እየወረወረች ሄደች፤ ፈጠነች፤ ሳቀች። እኔ በእሷ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ብፈልግም መነሳት አልችልም፤ ያለሁበት ሆኜ እመለከታት ነበር። ስትመልስልኝ ጉጧን ወደ እኔ ቀዳዳ ከፍ አድርጋ ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ ገበያ ስለሚወጣ ሰው አይኖርም» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ለማንም አይንገሩ።»

አልናገርም ብዬ ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ዲጋ ነኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ግን ተደብቆ አይቀርም። ጎረቤታችን «በርሲሳ፣ ዲጋ ምን አለዎት?» አለችኝ፤ ዘመድ አልኳት። እዚያ ዘመድ እንደሌለኝ ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ሲመጣ በጥድፊያ ወጣሁና የአንዱን ክራንች ቁመት ሳላስተካክል ይበልጥ እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ በሩ ሥር ያስደገፍኳቸውን ሁለት ክራንቾች አስተያየቻቸው። የወረደችው ጉጥ በፊት ብረቱን ፍቃ ያነጣችው ቀዳዳ ላይ ነበረች።

«ማን ዝቅ አደረገው?»

«እኔ ነኝ፤ ረዘመብኝ።»

እኔ ሻጮችን በማይበት ዓይን አየችኝ። እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ የሰው ምስጢር ነውና ዋጥኩት። ያን ሳምንት ሙሉ ከዛሬ ነገ ትጠይቀኛለች፣ ምን እመልሳለሁ እያልኩ ምግብ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለመውጣት ክራንቾቼን ፈለግኩ። በሩ ሥር ቆመዋል። እጀታዎቹ ላይ ሐምራዊው ልብስ ተመልሷል፤ ታጥቧል፤ በምላጭ የቦጨቅኩት በሌላ ክር ተጠግኗል። ባለቤቴ ውጭ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«አስቀምጬው ነበር» አለች፣ ሳትዞር። «እጇን እንዳይልጣት።»

ከዚያ ሌላ አንዲት ነገር አልጠየቀችኝም። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር።