የገበያነሽ የአስተያየት ወረቀት

ገበያነሽ የቀበሌያችንን ንባብ ክፍል ስትረከብ መደርደሪያው ላይ አርባ የማይሞሉ መጻሕፍት ነበሩ፤ አብዛኞቹንም ማንም ገልጧቸው አያውቅም። ተወልዳ ያደገችው ቱላ ነው፤ ባሏ ከሞተ በኋላ አዋሳ ገብታ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሰፈሩን ግማሽ ያስተማረች ሴት ናት። እኔንም በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ነች። ሠላሳ ዓመት በሌላ ከተማ ፍርድ ቤት መዝገብ ከክፍል ወደ ችሎት ስሸከም ኖሬ፣ የመዝገብን ጽሑፍ ማንበብ የቻልኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ገበያነሽ አንድ ሥራ አመጣች። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ላይ ሁለት የደብተር ቅጠል በዱቄት ሙጫ ለጠፈች። «ያነበበ ሰው ያሰበውን ይጻፍ፤ ስም አይጻፍ» አለች። ስም የከለከለችው እንደኔ ዘግይቶ የተማረ ሰው በእጅ ጽሑፉ እንዳያፍር ነው።

በ1975 ዓ.ም. አንድ ልብ ወለድ መጣ። በንጉሡ ዘመን ዳኞች ተማክረው የአንዲት ባልቴት መሬት እንዴት እንደነጠቁ የሚተርክ ነው። ሰው ተራ ያዘለት። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚሸጠው ማቴዎስ «ከሁሉም ውስጥ ሰው የምትባለው የዳኛው ሚስት ብቻ ናት» ብሎ ጻፈ። ጨርቅ ነጋዴው ጠሀ «ጠበቃው ወሬ ያበዛል። እንዲህ የሚያወራ ደንበኛ ምንም ሳይገዛ ነው የሚሄደው» አለ። እኔም ሳላፍር ጻፍኩ፦ «አንድ ጸሐፊ ብቻውን መዝገብ ሰረቀ የተባለው ልክ አይደለም። ሦስት ሰው ካልተስማማ መዝገብ ከፍርድ ቤት አይወጣም። ዛሬም ቢሆን።»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማቴዎስ፣ ጠሀና እኔ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ ደምሴ ገባ። ዕድሜው ከሃያ ስድስት አይበልጥም። መጽሐፉን ከኋላ ገልጦ ቆሞ አነበበ።

«‹ዛሬም ቢሆን› ያለው ማነው?»

«ጓድ፣ እኔ የዳኛው ሚስት ጋ ነው የቀረሁት፤ ከሷ ወዲያ አልሄድኩም» አለ ማቴዎስ። ሳቅን። ደምሴ አልሳቀም።

«ገበያነሽ፣ ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ። የማን እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«እኔ ስላስተማርኳቸው እኮ ነው የማይለየው። ሁሉም ፊደል የሚጥሉት እንደኔ ነው። የግድ ሰው ከተፈለገ የኔ ነው በል።»

ይህን ሰምቼ መቀመጥ አልቻልኩም። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ ተነሣሁ።

«ጋሽ አምሳሉ፣ ይቀመጡ!» አለችኝ፣ ስታስተምረኝ በነበረው ድምፅ። አልተቀመጥኩም።

«አባባ፣ ዛሬ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» አለ ደምሴ።

«ሰው ያው ሰው ነው ማለቴ ነው። መዝገቡን የሚጠብቅ ካልተገኘ ዛሬም ይሰረቃል። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን ነገር አውቃለሁ፤ የማውቀውን ደግሞ ስሜን ጠቅሼም እጽፈዋለሁ።»

ደምሴ ወደ ገበያነሽ ዞረ። «ወረቀቱን ቅደጂው።»

«አልቀድም። ብቀደው ምን ተብሎ ነበር እያለ ከተማው በሙሉ ይጠይቃል። አሁን ግን የአንድ አዛውንት አስተያየት ነው።»

«እንግዲያው ክፍሉን አዘጋዋለሁ።»

«መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

ደምሴ መጽሐፉን አገላብጦ ሽፋኑን ማየት ጀመረ።

«ኧረ ጓድ፣ ሳይገልጡት ነው እንዴ የሚያራክሱት?» አለ ጠሀ ከጥግ።

«ውሰደውና አንብበው» አለች ገበያነሽ። «ከዚያ በኋላ ይቀደድ ካልክ ራስህ ቅደደው፤ ክፍሉ ይዘጋ ካልክም ቁልፉን እሰጥሃለሁ። አሁን ግን የውሰት መዝገቡ ላይ ፈርም። ለሁሉም ሰው ሰባት ቀን ነው።»

ፈርሞ ወሰደ። ያን ሳምንት እኔ እህል አልበላ አለኝ። እሷ በየቀኑ በሰዓቷ ከፈተች፣ በሰዓቷ ዘጋች። «በኔ ጦስ ሥራሽን ልታጪ ነው» ብላት፣ «እርስዎ የጻፉትን አስቀድሜ አንብቤው ነበር እኮ። ማስቀረት ብፈልግ ያኔ አስቀረው ነበር» አለችኝ።

በስምንተኛው ቀን ደምሴ አልመጣም። ገበያነሽ መዝገቧን በብብቷ ይዛ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቢሮው በባለጉዳይ ተሞልቷል።

«ጓድ ደምሴ፣ ቀንህ አልፏል። ዘጠኝ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።»

ባለጉዳዩ ሁሉ ዞሮ አያት። ደምሴ መሳቢያውን ስቦ መጽሐፉን አወጣ፤ መሐሉ ላይ የክብሪት እንጨት ተሰክቶበታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምዕራፍ አሥራ ሰባት ላይ ነኝ» አለ። «ጸሐፊው ይያዛል?»

«አልነግርህም።»

«በይ ሦስት ቀን ጨምሪልኝ።»

እዚያው ጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ዘርግታ ሦስት ቀን ጻፈችለትና አስፈረመችው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ክፍሉ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። መጽሐፉን ተቀብላ ሁለቱን ቅጠሎች አገላብጣ አየች፤ አልተነኩም። ከስሙ ጎን «ተመልሷል» ብላ ጻፈችና ለባለተራው ሰጠችው።