የማይረባው የእናቴ ልጅ

ባለፈው ሰሞን ራቤል ከተማ፣ ልጄ ቤት ተቀምጬ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ሳለ አንዲት ጎረቤት ገብታ የልጅ ልጄን የሰብለን የትምህርት ውጤት አደነቀች። ምራቴ አላስጨረሰቻትም። «ኧረ ተያት፣ ይቺ የማትረባ! ድንጋይ ራስ» አለች። ሰብለ አንገቷን ደፋች። ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ።

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። ያደግሁበት ነው።

እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ልጆች አልጸኑላትም። እኔን ሰው ካመሰገነኝ፣ በገበያም ይሁን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ «እሱ? ግንድ ነው» ትል ነበር። አመንኳት። ወልዳ ያሳደገችኝ ሴት ካላወቀችኝ ማን ያውቀኛል? ማረሻ ሲሰበርብኝ «ግንድ»፣ በግ ሲጠፋብኝ «ግንድ» እያልኩ ራሴን መስደብ ጀመርኩ። እሷ በሌለችበትም ሥራዋን እሠራላት ነበር ማለት ነው።

ጺሜ ማቀምቀም ሲጀምር ለጎልማሶች የፊደል ትምህርት መጣ። እኩዮቼ ሲመዘገቡ እኔ ለአስተማሪው «ጋሼ፣ በእኔ አይድከሙ፤ ግንድ ነኝ» አልኳቸው።

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«እናቴ።»

መዝገባቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። 

በዚያው በጋ ጓሳ ለሣር አጨዳ ተከፈተ። ጓሳ የአገሩ የጋራ ሣር ሜዳ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባበትም፤ ተከልሎ ይቆይና አገሩ ሲፈቅድ ብቻ ይታጨዳል። የቤታችን ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ከአክስቴ ከብርቄ ጋር ፈረስ ይዘን ወጣን። ውርጩ ጣት ይቆርጣል። እኔ አጭዳለሁ፣ እሷ ታስራለች። ቀትር ላይ አረፍ ብለን በሶ ስንበላ፣

«ምነው ፊደሉን ተውከው?» አለችኝ።

«ለግንድ ፊደል ምን ያደርግለታል?»

ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ አምነሃት ነው? ለክፉ ዓይን ብላ እኮ ነው! ወንድሞችህን ሰው እያመሰገነ ጨረሰባት። አንተን በስድብ ሸሸገችህ። ብቻችንን ስንሆንማ ስለ አንተ አእምሮ እያወራች አሰልችታኛለች።»

በሶውን አስቀምጬ ማጭዴን አነሣሁ። የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ተወልደህ ያደግህበትን ቤት «የአንተ አይደለም፣ ውጣ» ቢሉህ እንደምትደነግጠው ነው የደነገጥኩት።

ቤት ስደርስ እናቴ ገብስ ትፈትጋለች።

«እማዬ፣ ግንድ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ለእኔ ለብቻዬ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«አንተው ታወራው ነበራ። ጎበዝ ተብለህ ከምትቀበር ግንድ ተብለህ ኑርልኝ ብዬ ነው።»

ወደ ሙቀጫዋ ተመለሰች። ከዚያም በኋላ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን ጎበዝ ነህ አላለችኝም።

በማግሥቱ ትምህርቱን ጀመርኩ። ፊደሉ ሲምታታብኝ ያ ስድብ ከውስጤ ይነሣል። «አንተ ለክፉ ዓይን ነህ፣ ለእኔ አይደለህም» እለውና እቀጥላለሁ። ስድቡ አልጠፋም፤ መልስ ግን አገኘ። እንዲህ ነው ማንበብ የቻልኩት።

እና ያን ልጄ ቤት ቆሎ የቆረጠምኩ ዕለት ሰብለን ወደ እኔ ጠራኋትና በሁለቱም ሴቶች ፊት «ጎበዝ ነሽ። እናትሽም ታውቀዋለች፤ የምትሰድብሽ ፈርታ ነው» አልኳት።

ጎረቤቲቱ «ማርያም ትጠብቃት» ብላ ብድግ አለች። ምራቴ «አባባ፣ ምን ነካዎት?» አለች። ሰብለ ብቻ «ማን፣ እኔ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የእናቴን ፍርሃት አልንቅም፤ ቀብራ ያየችው ነው። ግን ልጅ ስለ ራሱ ደግ ሲነገረው የሌላ ሰው ወሬ ከመሰለው፣ ከምኑ ነው ያተረፍነው? ምራቴ እስካሁን እንዳኮረፈችኝ ናት። ታኩርፍ።