ፍሬን የለውም!

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ኦክላንድ ስንኖር ነው። ደሙንና ተኩሱን ብረሳ እንኳ አንዲት ቃል አልረሳም። በዚያች ቃል ምክንያት ልጄን ላጣት ነበር።

ባለቤቴ ተሾመ ከአንድ የሳን ሆዜ ሽማግሌ ያረጀ ሞተርሆም ገዝቶ መጣ። አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ መታጠቢያ ያለው መኪና ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ በስብሷል፤ ሞተሩ ግን ይነሳል። ለሰመር አድርሰነው ልጃችንን ማህሌትን ካምፒንግ ልንወስዳት አሰብን። እሱ ብረቱን፣ እኔ እንጨትና ጨርቁን ያዝን።

እኔ ዝምተኛ ነኝ። በቅጡ የተማርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያገኘኋትን እያንዳንዷን ቃል ለፍቼ ስላገኘኋት፣ ቃል ሲበላሽ ዝም ብዬ አላልፍም። ተሾመ በዚህ ምክንያት «ቲቸር» እያለ ያሾፍብኛል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የፍሬኑን ፓምፕ ፈትቶ በጨርቅ ጠቀለለና አምሳያውን ሊፈልግ ወደ ሳን ሆዜ ተነሣ።

«ሱቅ ገብተህ ፍሬን እንዳትል» አልኩት። «የጣሊያን ቃል ነው፤ እዚህ ማንም አይገባውም። ብሬክ በል።»

«እሺ ቲቸር፣ ብሬክ! አንቺስ ብሬክ ለሌለው መኪና መጋረጃ ትሰቅያለሽ?»

«መጋረጃ ፍሬን አይፈልግም።»

«ይኸው! ራስሽ አልሽው!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ሞተርሆሙ ደጃችን ላይ፣ አፍንጫው ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ቆሟል። የያዘው የእጅ ፍሬኑና ከፊት ጎማዎቹ ሥር ያደረግነው ጡብ ነው። ማህሌት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሾፌሩ ወንበር በላይ ያለችው አልጋ ላይ ወጥታ ተጋድማለች። ካሴት ልስማ ስላለችኝ የመኪናውን ቁልፍ ከፍቼላታለሁ። ልጄ አማርኛ ይገባታል እንጂ አትናገርም ነበር። ስናናግራት የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

ወንበር ላይ ቆሜ መጋረጃ ስሰቅል ከላይኛው መንገድ ተኩስ ሰማሁ። ሰፈራችን ለተኩስ እንግዳ አይደለም፤ በጠዋት ግን አልለመድንም። በሩን ልዘጋ ስወርድ አንድ ወጣት ገፍቶኝ ገባ። የአንድ ጆሮው ግማሽ የለም። ደሙ በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙን አርሶታል። እጁ ላይ ሽጉጥ አለ።

በክርኑ ደረቴን መትቶ ጣለኝ። ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሞተሩን አስነሣ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀው። መኪናው ጡቦቹን ዘሎ ቁልቁል ወረደ።

ወዲያው ከኋላችን አንድ ቀይ መኪና ተከተለን። የኋላው መስተዋት በጥይት ፈረሰ። አዲስ የሰቀልኩት መጋረጃ ተቀዶ ተንጠለጠለ፣ ሳህኖቹ ወለሉ ላይ ረገፉ። እኔ ግን የማየው ከሰውየው ራስ በላይ ያለችውን አልጋ ብቻ ነበር። መኪናው ከማንኛውም ነገር ጋር ቢጋጭ መጀመሪያ የሚጨፈለቀው እዚያ ነው። ልጄ በላዩ ላይ እንዳለች ሰውየው አያውቅም።

ብሬክ የሚለውን ቃል ያን ዕለት ጠዋት እኔው ለባሌ አስተምሬዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን ቃሉ የለም።

«ፍሬን የለውም!» ብዬ ጮኽኩ። «ፍሬን! ፍሬን!»

«ሻት አፕ ሌዲ!» አለኝ። «እኔ ያንቺ ፍሬንድ አይደለሁም!»

መልሱ ግራ አጋባኝ። አልሰማኝ ይሆናል ብዬ ተጠጋሁና ጆሮው ሥር «ፍሬን!» አልኩት፤ ጆሮው በተቆረጠው በኩል። ዞሮ በሽጉጡ እጀታ አፌን መታኝ። የላይኛው ጥርሴ ተሰብሮ ምላሴ ላይ ወደቀ። ደም እየዋጥኩ አሁንም ያንኑ ቃል አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ደግሞ ሊመታኝ እጁን አነሣ።

ያኔ ከላይ ጩኸት መጣ።

«ብሬክስ! ሺ ሚንስ ብሬክስ! ዊ ሃቭ ኖ ብሬክስ!»

ሰውየው ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየ። ከዚያ ፔዳሉን ረገጠው። ፔዳሉ ያለ ምንም ትግል ወለሉ ድረስ ወረደ። ደግሞ ረገጠው። ፊቱ ያኔ ተለወጠ፤ ልጅ እግር እንደሆነ ያየሁትም ያኔ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ሽጉጡን ጥሎ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

ማህሌትን በእግሯ ጎትቼ አወረድኳት። ወለሉ ላይ፣ የሳህን ስባሪው ላይ አስተኝቼ በላይዋ ተኛሁባት። ሰውየው የእጅ ፍሬኑን በኃይል ሲስበው የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። መኪናው የቆሙ መኪናዎችን ጎን እየላጠ ሄደ፣ ሄደና ከአንድ የስልክ እንጨት ጋር ተጋጨ።

ቀና ስል እንጨቱ የላይኛውን አልጋ ሰንጥቆ ገብቷል። የማህሌት ትራስ ከእንጨቱና ከጣሪያው መካከል ተጣብቆ ይታያል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከቀዩ መኪና ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። ወጣቱን በተሰበረው መስኮት ጎትተው አስፋልቱ ላይ ጣሉትና ይቀጠቅጡት ጀመር። ብረቱ አጥንት ሲያገኝ የሚያወጣው ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነው። የማህሌትን ፊት ቀሚሴ ውስጥ ቀበርኩት።

ልጁ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ፍሬንድ!» አለ። «ፍሬንድ! ፕሊስ!»

ስሜን አያውቅም። ከአፌ የሰማት ቃል ያቺ ብቻ ናት።

ልወርድ አልደፈርኩም። ተዘርግቼ በክንዴ የመኪናውን ጥሩምባ ተጫንኩት፤ አልለቀቅሁትም። የዚያ አሮጌ መኪና ጥሩምባ የመርከብ ያህል ይጮኻል። ሰዎች ከየቤቱ ወጡ፣ አንዲት ሴትዮ ከበረንዳዋ «ፖሊስ ጠርቻለሁ!» እያለች ትጮኻለች። ሁለቱ ሰዎች ብረቱን ጥለው ሸሹ።

ፖሊሱ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጥርሴ አልነበረም።

«ሰውየው ፍሬንድ እያለ ሲጠራሽ ጎረቤቶች ሰምተዋል። ከየት ነው የምትተዋወቁት?»

«አላውቀውም» አልኩት። «ቃሉን ያገኘው ከእኔ ነው።»

አልገባውም። ማህሌት ናት ቁጭ ብላ ያስረዳችው፦ በእናቴ ቋንቋ ብሬክ ማለት ፍሬን ነው፣ ሰውየው ፍሬንድ መሰለው፣ ለዚያ ነው የመታት። ፖሊሱ ብዕሩን ይዞ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያል።

ወጣቱን በአምቡላንስ ሲያነሡት ይተነፍስ ነበር። እንደተረፈ ኋላ ነገሩኝ፤ አንድ እግሩን ግን አጥቷል።

ተሾመ ፓምፑን በክንዱ አቅፎ ሲመጣ መንገዱ ላይ ቆመና ያንን ሁሉ አየ። ሞተርሆሙን ለብረት ነጋዴ እሰጠዋለሁ አለ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያ መኪና ልጄን በሕይወት ያወረደልኝ እንጂ የበደለኝ አይደለም። ሌላ ዓመት ፈጀብን። የላይኛውን አልጋ አስወገድነውና ቦታው ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠራሁበት።

የመጀመሪያውን ካምፒንግ ስንሄድ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ማህሌት ከኋላ ሆና «ፍሬን አለ?» ትላለች፤ በአማርኛ። ተሾመ ፔዳሉን ነካ አድርጎ «አለ!» ይላታል። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና የራሷን መኪና ስትነዳም ትለዋለች፣ ለብቻዋ።

ለዚያ ልጅ አዘንኩለት ብል ውሸት ነው፤ በምላሴ የጥርሴን ቦታ ስነካ ሽጉጡ ትዝ ይለኛል። ግን የዘረጋው እጅም ትዝ ይለኛል። አሁንም ሱቅ ውስጥ ወይ አውቶቡስ ላይ የማላውቀው ሰው «ሄይ፣ ፍሬንድ» ሲለኝ ፈገግ እላለሁ፤ ቀኝ እግሬ ግን ሳላዘው ወለሉን ይጫናል።