ስንዝር ተኩል የሸሸው ፓይል

ሰበታ የምንሠራው ሕንፃ ያረፈው ጥቁር አፈር ላይ ስለነበር እያንዳንዱን ምሰሶ ሁለት ሁለት ፓይል፣ ማለትም መሬት ውስጥ ጠልቆ የተተከለ የአርማታ ዓምድ፣ ይሸከመዋል፤ በፓይሎቹ ራስ ላይ ወፍራም አርማታ ይሞላል። የምሰሶው ጭነት ለሁለት ተከፍሎ በሰያፍ ወደ ፓይሎቹ ሲወርድ አርማታውን ከሥሩ ግራና ቀኝ ይጎትተዋል። እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ከታች የተኛው ፌሮ ነው። ስንት ፌሮ እንደሚበቃ ያሰላሁት እኔ ነበርኩ።

ፌሮ አሳሪዎቹን የሚመሩት ከቡራዩ የሚመላለሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። አንድ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ጠሩኝ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ፓይል ከቦታው ሸሽቷል። ስንዝር ተኩል ይሆናል።»

ወርጄ ለካሁት፤ እውነታቸውን ነበር።

«አርማታውን ወደዚያ እናሰፋዋለን። ጭነቱ እንደሆነ ያው ነው» አልኳቸው።

«ፌሮውስ አይጨመርም? እግሩን አብዝቶ የከፈተ ሰው ይንሸራተታል እኮ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ፤ እዚያ ሳይት ላይ ሴት መሐንዲስ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ስሌቱን ለእኔ ይተዉት!» ብዬ ጮህኩባቸው። በማግስቱ ለአሠሪው፣ ሽማግሌው ሥራ እያስተጓጎሉ ነው ብዬ ነገርኩት። አሰናበታቸው። የሥራ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ሲወጡ «ደህና ሁኚ ልጄ» አሉኝ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

አርማታው ተሞላ። ከሳምንታት በኋላ የፓይሎቹን ትክክለኛ ቦታ በፕላኑ ላይ ሳሰፍር ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። ጭነቱ ያው ነው፤ ፓይሉ ሲሸሽ ግን የሚወርድበት መንገድ ይበልጥ ይጋደማል፣ ጉተታውም ይጨምራል። ፌሮው ከሚችለው አልፎ ነበር። ደግሜ አሰላሁ፤ ያው ሆነ። ለአለቃዬ ነገርኩት። አርማታው ፈርሶ፣ ፌሮ ተጨምሮበት እንደገና ተሞላ።

ኦቦን ፍለጋ ቡራዩ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የተቀበሩት ከትናንት በስቲያ ነበር።

ባለቤታቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። «ኦቦ ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

እሳቸውም «ሥራው ጠፍቶብኛል መሰለኝ ይል ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ ቢጠሩትም አልሄደም። አርጅቻለሁ፣ የሰው ቤት አበላሻለሁ እያለ።»

እንባዬ ቀደመኝ። እጄን ያዙኝና «ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለልጆቹም ንገሪያቸው» አሉ።

ድንኳኑ መሐል ቆሜ ተናገርኩ። የምለውን ባለቤታቸው በኦሮምኛ እየደገሙ አሰሙልኝ። ትልቁ ልጃቸው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ፤ ስጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ይቅር ያለኝ ሰው የለም። ከለቀስተኞቹ ጋር እስከ ማታ ተቀመጥኩ።