ሎሚና ናፍጣ

ባለፈው እሑድ የውሃ ማፍያዬ ሆዱ ነጭ ቅርፊት ቋጥሮ ስላስቸገረኝ ሎሚ ጨምቄ አፈላሁበት። ያን ጊዜ አንድ ጎረቤቴ ደጅ ላይ የጭነት መኪናውን ሲያስነሳ የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገብቶ ከሎሚው ጋር ተቀላቀለ፤ እኔም ማንኪያዬን እንደያዝኩ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሞጣ የሴቶች ማኅበር ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆምኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሱት እትዬ ታንጉት ነበሩ። ከዚያ በፊት በከተማችን ሴት ወፍጮ ቤት የምትሄደው እህል ተሸክማ ነው እንጂ የሞተር ማስነሻውን ማኒቬላ ልትጨብጥ አልነበረም። ትውልዳቸው ቢቸና፣ የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ወንዶቹን ሲያስተምሩ እሳቸው ከጎጆው ጀርባ እንጨት እየሰበሩ ያደምጡ ነበር አሉ። ሞተሩንም የተማሩት እንደዚያው ነው። ሊተክል የመጣው መካኒክ ዐሥር ቀን ሲቆይ ምሳ እያቀረቡ፣ የሚፈታ የሚገጥመውን እያዩ፣ «ይሄስ ለምንድን ነው?» እያሉ ሲያደርቁት ሰንብተው፣ በመጨረሻ የብሎን መፍቻውን ለሳቸው ትቶ ሄደ።

መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ማኒቬላውን ሲያዞሩ፣ ሞተሩም ዱግ ዱግ ብሎ ሲነሳ፣ የጣራው ርግብ ሁሉ ይበር ነበር። ወንዶቹ «እትዬ ታንጉት፣ ዛሬስ እሹሩሩ ብለው ነው ያስነሱት?» እያሉ ይተርቧቸዋል። «እሱስ በሁለት ዙር ይነሳል፤ ለእርሻ መቀስቀስ አቃተኝ ብላ ሚስትህ የምታማህ አንተን ነው» ይላሉ እሳቸው፣ ዘወር ሳይሉ።

ከሞተሩ ጎን የውሃ በርሜል ነበር፤ ውሃው በቧንቧ ሞተሩን ዞሮ፣ ግለቱን ተሸክሞ ይመለሳል። እትዬ ታንጉት እንደ ታመመ ልጅ ግንባር መዳፋቸውን በርሜሉ ላይ ያሳርፋሉ፤ ላዩ ሞቅ፣ ታቹ ቀዝቀዝ ካለ ሞተሩ ጤነኛ ነው። በርሜሉን የሚሞሉት ከጣራ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ደብረ ማርቆስ ሄደው በመካኒክነት እንዲሠለጥኑ ማኅበሩ ስማቸውን አስተላልፎ ነበርና፣ ወፍጮ ቤቱን በኩራት ይጠርጉት ነበር።

እናቴና ጓደኞቿ ግን ፈሩላቸው። ሴት ልጅ ሞተር ነክታ እንዴት ዓይን ሳያርፍባት ይቀራል? ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ ወፍጮው ሲዘጋ፣ ከቅዳሴ መልስ ከጠበሉ ምንጭ አንድ ጀሪካን ያሸክሙኝና ዘበኛውን አስከፍተን በርሜሉ ውስጥ እንገለብጠዋለን። «ለሷም ለሞተሩም ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ትለኛለች እናቴ። ያ ምንጭ ከዓለት ውስጥ የሚፈልቅ፣ የፈሰሰበትን ድንጋይ ሁሉ ነጭ የሚያለብስ ነበር። ይህን ያላየ አልነበረም፤ ያሰበው ግን ማንም አልነበረም።

ጥር ላይ፣ የሠርግ እህል በጆንያ ተደርድሮ ሳለ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ጭሶ ቆመ። ሴቶቹ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ፤ የእናቴ መዳፍ በሦስት ቀን ውሃ ቋጠረ። የከተማው ካድሬ መጥቶ፣ «እስከ ገበያ ቀን ካልተነሳ ወንድ ይቀጠራል» ብሎ ሄደ።

እትዬ ታንጉት ሞተሩ እንደቆመ በርሜሉን ዳስሰው ነበር። ሞተሩ ሲፋጅ የዋለ፣ በርሜሉ ግን ቀዝቃዛ። «ውሃው መንገድ ላይ ቀርቷል» አሉ። ቧንቧውን ፈትተው ወደ ብርሃን ቢያነሱት፣ አውራ ጣት ያስገባ የነበረው ቀዳዳ በነጭ ድንጋይ ተደፍኗል። በጥፍራቸው ፍቀው አዩትና፣ «የዝናብ ውሃ እንዲህ አያደርግም። ማነው ሌላ ያመጣው?» ቢሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። የጀሪካኑን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል በሳቅ ፍርስ አሉ። «ሞተሩን አጥምቃችሁት ኖሯላ!»

ከዚያ ከዓባይ በረሃ የመጣ ሎሚ ገበያ ላይ ወደምትሸጠው ወደ እማማ ዘሃራ ላኩኝ። እማማ ዘሃራ፣ «ለሞተር? ጉንፋን ያዘው?» አለችና ጆንያዋን አሸክማ ራሷ መጣች። አንድ ጠብታ ቅርፊቱ ላይ ሲያርፍ ትስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ሎሚ ጨመቅን፣ አሞቅን፣ አፈሰስን፤ ነጭ ውሃና ስንጥር ድንጋይ ወጣ። በገበያው ቀን ሞተሩ በሦስተኛው ዙር ተነሳ፤ የሴቶቹ እልልታ ድምፁን ዋጠው።

ካድሬው ግን በማግሥቱ መዝገብ ይዞ መጣ። «የብልሽቱ ምክንያት ይጻፍ፤ አሻጥር ካለ ይጣራል።» ያን ጊዜ አሻጥር ከተባለ ወዲያ ያለው እስር ቤት ነበር። ጠበሉ ቢጻፍ እትዬ ታንጉት ነፃ ናቸው፤ እናቴና ጓደኞቿ፣ ምናልባትም የደብሩ ቄስ፣ ይያዛሉ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ልትናገር ብድግ አለች። እትዬ ታንጉት ቀደሟት፦ «ቁጭ በዪ አንቺ፣ እህልሽ ይፈጫል።» ወደ ካድሬውም ዞረው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ጻፍ። ውሃውን ሳልመረምር ሞልቻለሁ» አሉና ፈረሙ።

ሥልጠናውም ሞተሩም ለአንድ ጎልማሳ ተሰጠ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ሞተሩ ባመፀ ቁጥር በጓሮ በኩል እትዬ ታንጉት ቤት ሲገባ አየው ነበር። እሳቸውም እጃቸውን ታጥበው ይከተሉታል፣ በርሜሉን ይዳስሳሉ፣ የሚፈታውን ነግረውት ይመለሳሉ። ግጥም ልጽፍላቸው ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ጀሪካኑ ካልገባበት ውሸት ሆነብኝ፣ ከገባበት ደግሞ የሚያስይዝ ሆነብኝ፣ ቀደድኩት።

ዛሬ ቢጻፍ የሚታሰር የለም። እናቴ የለችም፤ እሳቸውም ቢቸና፣ አባታቸው አጠገብ ተቀብረዋል። የዛሬው ወፍጮ በመብራት ስለሚሠራ በርሜል የሚዳስስ መዳፍም አይፈልግም። ሞጣ ላይ ሞተር ያስነሣች የመጀመሪያይቱ ሴት ስሟ በጽሑፍ የሚገኘው፣ እኔ እስከማውቀው፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ከሚለው በታች።