የሬድዮአችን ጋኔን

ዛሬ የቤታችንን ሬድዮ በቢላዋ ፈታሁት። አትንኪው ከተባልኩ ሁለት ሳምንቴ ነበር።

አምስት ደቂቃ ያወራና ጭጭ ይላል። መሪጌታ አጎቴ «ሬድዮውን የገደለችው እሷ ናት» እያሉ ስሜን እስከ አርብ ገበያ አደረሱት። መሠረተ ትምህርት የማስተምረው እኔ፣ ያቺን የአምስት ደቂቃ ዜና እንኳ የምሰማው በራፍ ላይ ቆሜ ሆነ።

የባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ባሞቃቸውም ለውጥ የለም። ስፈታው ግን ድንጋዮቹን የሚይዘው ሽቦ ዝጎ አገኘሁት።

«ውሃ ማን አስገባበት?»

እናቴ ሳቋን ዋጠች። «ሲያፏጭ ጊዜ ጋኔን አለበት ብለው ጠበል የረጩት አጎትሽ ራሳቸው ናቸው።»

ዝገቱን ፍቄ ገጠምኩት። ሬድዮው ያለማቋረጥ ለፈለፈ።

አጎቴ ሮጠው መጡ። «አላልኳችሁም? ጠበሉ አስለፈለፈው!»

ሬድዮው ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚያድረው እኔ ራስጌ ነው። እናንተስ፣ ጠግናችሁት ሌላ ሰው የተመሰገነበት ዕቃ የለም?