አባቴ ደጅ የጠናበት ዓመት

የረጠበ ካፖርት ሽታ ዛሬም ያስደነግጠኛል። በዝናብ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠ ሽማግሌ ልብስ ላይ ሲሸተኝ፣ ሸማ ተራ ጀርባ የነበረችው ቤታችንና ካፖርቱን ከሰል አጠገብ አስጥቶ እጁን የሚያሞቀው አባቴ ይመጡብኛል።

አባቴ ታምሩ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሐበሻ ቀሚስ ይሰፋ ነበር፣ እናቴ ብርቄም አጠገቡ ተቀምጣ ትቀመቅም ነበር። ቤቲቱም ከጎጃም እንደመጣ በገዛ እጁ ጭቃ አቡክቶ የሠራት ናት። እኔ ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ክረምት ሁለት ሰዎች መጥተው በራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉና፣ ቦታው ለአንድ ባለጸጋ መጋዘን ስለተሰጠ እስከ መጪው ሰኔ እንድንለቅ ነግረውን ሄዱ። እናቴ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ አባቴ ግን ሳቀ። በአርበኝነቱ ዘመን ስንቅ ተሸክሞ የተከተላቸው፣ በቆሰሉ ጊዜም አዝሎ ወንዝ ያሻገራቸው ደጃዝማች ያኔ ትልቅ ሹመት ላይ ነበሩ።

«እሳቸው እያሉ የኔ ቤት አይፈርስም» አለ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን መኪናውን እየሸፈነ፣ ካፖርቱን እየደረበ፣ የደጃዝማቹ በር ላይ ቆሞ ይውል ነበር። ዝናቡ ደብድቦት ይመለስና «ዛሬ አልወጡም» ይለን ነበር። ደንበኞቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ።

መስቀል ሲደርስ ባዶ እጅ መቆም ነውር ነው ብሎ፣ እናቴ ሁለት ዓመት ፈትላ ያሠራችውን፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለውን ጋቢ እጅ መንሻ አድርጎ ወሰደው። ለእርጅናው ያሰበችለት ጋቢ ነበር። አጣጥፋ ሰጠችው።

ከጥምቀት በኋላ፣ ልጅ ሲያዩ ይራራሉ ብሎ ይመስለኛል፣ እኔንም ይዞኝ ሄደ። በሩ ላይ ጥቁር የለበሱ ባልቴቶች፣ ኒሻን የደረደሩ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። ዘበኛው ሰዉን ወደ ግድግዳው ሊያስጠጋ ሲወጣ ያንኑ ጋቢ ለብሶ አየሁት። የአባቴን እጅ ጎትቼ፣ «አባባ፣ የኛ ጋቢ ነው» አልኩት።

«ዝም በይ» አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ የደጃዝማቹ መኪና ሲወጣ አባቴ እጅ ነስቶ ስሙንና የዘመቱበትን በረሃ ጮክ ብሎ ተናገረ። መስታወቱ ወረደ። ደጃዝማቹ ጥቂት አዩትና «ታምሩ፣ አለህ እንዴ?» አሉት፤ ቀጥለውም «ይታይልሃል» ብለው አለፉ። አባቴ መንገዱን ሙሉ ያችን አንዲት ቃል እየደጋገመ፣ ከረሜላ ገዝቶልኝ ቤት ገባን።

እናቴ የጋቢውን ነገር ከኔ አፍ አውጣጥታ ሰማች። አላለቀሰችም። ጧት ጧት ራጉኤል ደርሳ እየመጣች ስለ ደጃዝማቹ አንድም ቀን ተናግራ የማታውቀው ሴት፣ ያን ቀን ግን፣ «የሰው ደጅ ይብቃህ። እኔ የምለምነው ጌታ ደጅ አያስጠናም» አለችው።

አባቴ ተቆጣ። «ያንቺ ጌታ ማኅተም አለው?» አላት።

ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል የጎረቤታችን የጋሼ ሽኩር ሱቅ ሬዲዮ ሹም ሽር ተናገረ። ደጃዝማቹ ወደ ሩቅ ጠቅላይ ግዛት ተሹመው ነበር። አባቴ በማግስቱ ሲሄድ በሩ ላይ ያገኘው ዕቃ የሚጭን ካሚዮን ብቻ ነበር፤ ዘበኛውም አዲስ ሹም ሲመጣ እንደ አዲስ እንዲያመለክት መከረው።

በሰኔ አፍራሾቹ መጡ። ጋሼ ሽኩርና ልጆቹ የስፌት መኪናውንና አልጋውን አውጥተው አብነት ሰፈር ወደተከራየናት አንዲት ክፍል አደረሱልን። አባቴ ጣሪያው እስኪወርድ ድረስ መንገድ ዳር ቆሞ አየ። እኔ እናቴን እግዚአብሔር ለምን ዝም እንዳለን ጠየቅኋት።

«ቤቱን አድንልኝ ብዬ መች ለመንኩት» አለችኝ። «ሰው ሲከዳን እንዳንሰበር ነው የለመንኩት።»

አባቴ ግን ተሰበረ። መኪናዋ ጥግ ላይ አቧራ እየጠጣች፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። እናቴ ለእሱ ስላልተሰማላት ጸሎት ምን እንደምታስብ ነግራኝ አታውቅም።

አሁን እኔ ያኔ እናቴ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌአለሁ። ደጃዝማቾቹም፣ የሻሯቸውም፣ በቦታቸው የተተኩትም ሄደዋል፤ በራችን የነበረበትን ቦታ ፎቆቹ መሐል ፈልጌ አላገኘሁትም። ለልጄ ጉዳይ ከቢሮ ቢሮ እመላለሳለሁ። እናቴ በዚያች የኪራይ ክፍል፣ ምንም ሳይኖራት፣ ጸሎቷን አድርሳ እንደተጋደመች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። እኔ ግን ራጉኤል ቆሜ እንኳ የማስበው ሰኞ ቢሮ ይገባል ስለተባለው ኃላፊ ነው።